ገጽ ሠላሳ ሁለት

ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወጥቶ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣
የጋሽ ወንድይራድ ሱቅ አለች፣ አልጋ የማታስገባ እንኳን።
ሌላው ሰው ብር ያስቀምጣል፣ ሌላው መሬት ያጥራል፤
እሱ ግን አንድ ክፉ ሰው በላስቲክ ጠቅልሎ ያሳድራል።

ስሙ ኮንት ኦርቫኖ ነው። እኛ፣ የሠራተኛ ሰፈር ልጆች፣
ጣልያንኛችን ከፍሬን፣ ከጎማ፣ ከፓስታ የማያልፍ ልጆች፣
«ባለ ጓንቱ» አልነው።
ግራ እጁ ነጭ ጓንት፣ ቀኝ እጁ ራቁቱን፣
ግራ ቅንድቡን ሰቅሎ ሲጠይቅ ጠላቱን፦
«ሁሉም ነገር ዋጋ አለው፤ ያንተ ስንት ነው?» ይላል፤
ጀግናው መልስ የለውም፣ ቡጢ ብቻ ይሰነዝራል።

የጀግናውን ስም ማን ያስታውሳል? ደረቱ ሰፊ፣ ፊቱ ብሩህ፣
እንደ ክፍል አለቃችን፣ ስም ጻፊ፣ ምንም ያላጠፋ ንጹሕ።
ባለ ጓንቱ ግን ይወድቃል፤ ከገደል፣ ከባቡር፣ ከሰማይ፤
በሚቀጥለው ወር ይመጣል፣ ኮቱ ላይ አቧራ ሳይታይ።
እኛም ወዳቂዎች ነበርን፤ በጭቃው፣ በፈተናው፣ በቀበሌው የስኳር ሰልፍ።
ማን ነበር ታዲያ የሚመስለን? ክፉው ነው፤ ሞቶ የሚተርፍ።

ጋሽ ወንድይራድ አርባ አንዱም እትም አለው፣ ቁጥር በቁጥር፤
አንዱን በሠርጉ ከረባት ለወጠው፤ አንዱን በሚስቱ ሬዲዮ፣ በምስጢር።
እጁን ታጥቦ፣ በፎጣ አድርቆ፣ አፍንጫው ድረስ ያስጠጋል፤
«ይኼ የምጽዋ እርጥበት፣ ይኼ የድሬዳዋ ፀሐይ ነው» ይላል።
ስዊድን ያለ አንድ ሰው፣ በስልክ፣ የመኪና ዋጋ ጠራ፤
ሽማግሌው ሳቀ። «እኔና እሱ» አለ፣ «ገና አልጨረስንም ሥራ።»

እውነቱን ነው። የመጨረሻው ጎደሎ ነው፤ አርባ አንደኛው፣
ገጽ ሠላሳ ሁለት የለውም፤ ሽቦው ላይ የቀረ ቁራጭ ነው።
ባለ ጓንቱ ከሰዓት ማማ ጫፍ በአንድ ጣቱ ተንጠልጥሏል፤
ጀግናው እጁን ዘርግቷል፣
ሊያነሣው ይሁን ሊገፋው፣ ወረቀቱ እዚያ ያልቃል።

ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ይጠይቀኛል፦
«ሞተ ትላለህ? ጓንቱን አወለቀ?»
ትከሻዬን እሰብቃለሁ።

እኔ ግን አውቃለሁ።
በሰባ ዘጠኝ ክረምት፣ ከሲኒማ ቤቱ በር፣ ዣንጥላ ሥር፣
እትዬ ዘነበወርቅ የአሥር ሳንቲም ኦቾሎኒ ስትሰፍር
የጠቀለለችልኝ በእሱ ነበር። ነጭ ጓንት፣ ማማ፣ ቀለም።
ጨው ነበረበት፤ ላስኩት፤ እስካሁን አልደበዘዘም።
ታጥፎ የኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ከመታወቂያዬ ኋላ፤
ስንቴ ያቺ ሱቅ ገባሁ፣ ስንቴ ወጣሁ እሱን ይዤ፣ እንደ ባለዕዳ።

ባለፈው ሐሙስ ግድግዳዋ ላይ ቀይ ኤክስ ተቀባ።
ሽማግሌው ካርቶኖቹን በሲባጎ ሲያስር ደረስኩ፤ ዓይኑ አላነባ።
«ያቺን ገጽ ላመጣልኝ» አለ፣ «እሰጠዋለሁ አርባ አንዱን።
አንድ ጊዜ ብቻ ልይ። መጨረሻውን።»

እጄ ኪሴ ገባ።

ከጎረቤት ሱቅ ሃያ ሰዓት ሃያ ዓይነት ሰዓት ይናገራል።
ብሰጠው ባለ ጓንቱ ወይ ይሞታል፣ ወይ ይድናል፤
ሽማግሌውም እንደማንኛውም ጡረተኛ ኮንዶሚኒየሙ ይገባል።
ብከለክለውስ? ይህን ደግነት ብዬ ልጠራው ስል በልቤ ዳር፣
በሰዓት ሠሪው መስታወት ፊቴን አየሁት፤
ግራ ቅንድቤ ተሰቅሎ ነበር።

ካርቶኑን በቀኝ እጄ አነሣሁ፤ ግራው ኪሴ ውስጥ እንዳለ።
ባለ ላዳው «ዕቃ ይከብዳል» ብሎ ሃምሳ ብር ጨመረ።
«ቀስ፣ እሱ አለበት፣ እንዳይወድቅ» አለኝ።
«አይወድቅም» አልኩ፤ አመለጠኝ።

ላዳው ሞተሩን አስነሣ።
ጋሽ ወንድይራድ ሲባጎውን ለቀቀና
ቀና ብሎ አየኝ።